ባለቤት የማይታይበት ቤት

ሟቿ በጎኗ ተኝታ፣ አንድ እጇን ከጉንጯ ሥር አድርጋ ነበር የተገኘችው። ኢንስፔክተሯ በሩ ላይ ቆማ ለረጅም ጊዜ አየቻት። በዚህ ሥራ ላይ ፀጉሯ እስኪሸብት ብትቆይም፣ ከሬሳ ሁሉ የምትጠላው እንዲህ ያለውን፣ «ቀስቅሱኝ» የሚል የሚመስለውን ነው። ደም የለም፤ የተሰበረ ዕቃ የለም። ወንበሩ ላይ የተጣጠፈ ሹራብ፣ አልጋው ሥር ጎን ለጎን የተቀመጠ ጫማ፣ ጥግ ላይ ደግሞ የቀዘቀዘ የከሰል አመድ የያዘ የብረት ምድጃ አለ። መስኮቱ ጥርቅም ብሎ ተዘግቷል።

ቤቱ በመንደሩ ቀጭን መንገድ ዳር ትከሻ ለትከሻ ተደጋግፈው ከቆሙት ፎቅ ቤቶች አንዱ ነው። ታች ሳሎንና ማድ ቤት፣ ላይ መኝታ ቤት፣ ከኋላ ትንሽ ግቢ። ሆቴል የሰለቸው ሰው ፎቶውን በስልክ አይቶ ለጥቂት ቀን ይከራየዋል፤ ከበሩ ጎን ካለችው ሳጥን ቁልፉን ራሱ አውጥቶ ይገባል። በፎቶው ላይ ምድጃው ፍም ይዞ፣ ከፊቱ ወፍራም ምንጣፍና ሁለት ብርጭቆ ይታያል። ከሥሩ «እንደ ቤትዎ» ይላል። ግድግዳው ላይ የቤተሰብ ፎቶ አልተሰቀለም፤ መሳቢያ ውስጥ የዛገ መቀስ አልተረሳም፤ በር ኋላ የማንም ካፖርት አልተንጠለጠለም። ኢንስፔክተሯ ክፍል ለክፍል ስትዞር፣ ሰው ኖሮበት የሚያውቅ አይመስልም አለች በልቧ። ሞቶበት ግን ነበር።

«የከሰል ጭስ ነው» አለ ሐኪሙ ጓንቱን እያወለቀ። «ከሰሉ ፍም ከሆነ በኋላ ጭስ ላይታይ ይችላል፤ መርዙ ግን አለ። ሳታውቀው ነው የሄደችው።»

«በእንቅልፍ?»

«በእንቅልፍ። ካጽናናሽ።»

አላጽናናትም። ሳጅኑን ምድጃው ውስጥ ወረቀት እንዲያነድ አዘዘችው። ሳጅኑ ለሥራ የማይሰንፍ፣ ለመደምደም ግን የሚጣደፍ ልጅ ነው። ወረቀቱን ለኮሰው፤ ጭሱ ምንም ሳያመነታ ወደ ቱቦው ገብቶ በጣሪያው በኩል ወጣ።

«ምድጃው ደህና ነው» አለ።

«ምድጃው ደህና ከሆነ ጭሱ ቤት ውስጥ ምን ይሠራል?»

ሳጅኑ ትከሻውን ሰበቀ። «አንድ ሰው ማውጫውን ደፍኖ፣ ሥራው ሲያልቅ ከፍቶታል ማለት ነዋ! ባልየው ደግሞ ሌሊቱን መኪና ውስጥ ነው ያደርኩት ይላል። ሚስቱ አልጋ ላይ፣ እሱ መኪና ውስጥ። ሌላ ምን እንፈልጋለን?»

*

ባልየው መነጽር ሠሪ ነው። በጣቢያው ጠባብ ክፍል ውስጥ ሁለት እጁን ጭኑ ላይ ዘርግቶ፣ የሰው ዕቃ አደራ እንደተቀበለ ሰው ያያቸዋል።

«ለምን መኪና ውስጥ አደርክ?» አለችው ኢንስፔክተሯ።

«ተጣልተን።»

«በምን ተጣላችሁ?»

«በዚሁ ቤት። እኔ ሆቴል ይሻላል ብዬ ነበር። እሷ ደግሞ ‘ሆቴል ውስጥ ሰው የክፍል ቁጥር ነው፤ እዚያ ግን እንደ ጎረቤት እንሆናለን’ ትላለች። ስንደርስ ዝናቡ፣ ብርዱ፣ ቤቱ ደግሞ ጭር ያለ ነው። ‘ይሄ ሬሳ ቤት ነው የሚመስለው’ አልኳት።»

«ምድጃውን ማን አነደደው?»

«እሷ። ከሰሉ በቅርጫት ተዘጋጅቶ ነበር። ‘አሁን ደግሞ ቤት ይመስልሃል’ አለችኝ። እኔ አኩርፌ ወጣሁ።» ቀና አለ። «የሌሎቹን ተከራዮች አስተያየት ሁሉ አንብባ ነው የመረጠችው። አንዷ ‘ቤቱ ጥሩ ነው፣ ግን በየዕቃው ላይ እራፊ ታስሮበታል፤ ያስጠላል’ ብላ ነበር። ሚስቴ የወደደችው ይሄንኑ ነው። ‘ሰው አለበት ማለት ነው’ አለችኝ። ስንገባ አንድም እራፊ የለም። ቅር አላት።»

ኢንስፔክተሯ ይህን ሰማች፣ ግን አላነሳችውም፤ ከሐዘንተኛ አፍ የሚወጣው ሁሉ ለምርመራ አይሆንም።

ውጭ ኮሪደሩ ላይ ሳጅኑ እየጠበቃት ነበር። «አለቃ ነገ ለዐቃቤ ሕግ ይቅረብ ብለዋል፤ በነፍስ ግድያ። ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም ይባላል። እኔ ግን ይሄ ሰውዬ ላይ አንድ ጠብታ እንባ አላየሁም።»

«የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ደግሞ ይባላል።»

«ታዲያ እርስዎ ሌላ ሰው አለዎት?»

አልነበራትም። ስለዚህ ተመልሳ ወደ መንደሩ ሄደች፤ ነገርን ከሥሩ ውኃን ከጥሩ ብላ፣ ከቤቱ ጋር ግድግዳ የሚጋሩትን ጎረቤት ለማነጋገር።

*

ጎረቤቱ ጡረታ የወጡ የባቡር ትኬት ተቆጣጣሪ ናቸው። ዕድሜያቸውን ሙሉ ፊሽካ ሲነፉ ስለኖሩ መንደሩ «አባ ፉጨት» ነው የሚላቸው። ተከራይ አይወዱም። ባለፈው ወር በመስኮታቸው ብቅ ብለው «አንድ ቀን በጭስ ነው የማስወጣችሁ!» ብለው መጮሃቸውን መንገዱ ሁሉ ሰምቷል፤ ሳጅኑም ይህን ከሰማ በኋላ ለግማሽ ቀን ያህል ባልየውን ረስቶ እሳቸውን ሲጠረጥር ነበር።

«ብለዋል ይባላል፣ አባባ» አለች ኢንስፔክተሯ።

«ብያለሁ! አሁንም እላለሁ!» አሉ አባ ፉጨት፤ ከዚያ ምን እያሉ እንደሆነ ገባቸውና ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ንዴት ነው እንጂ፣ ልጄ... ይሄን እግር አይተሽዋል? ዳሌዬ ከተሰበረ ወዲህ የራሴን ደረጃ አልወጣሁም፤ የምተኛው እዚሁ ሳሎን ነው። እኔ ጣሪያ ላይ ብወጣ የሚያወርዱኝ መላእክት ናቸው።»

የሚደገፉበት ባለ አራት እግር ብረት አጠገባቸው ቆሟል፤ አልጋቸውም እውነትም ሳሎን ውስጥ ነው። ኢንስፔክተሯ ደረጃውን ቀና ብላ አየችው፤ አቧራው ላይ የእግር ምልክት አልነበረም።

«ተከራይ ምን አደረገዎት?»

«ምን ያላደረገኝ አለ? እንግዳ በመጀመሪያው ቀን ወርቅ፣ በሁለተኛው ብር፣ በሦስተኛው ብረት ነው ይሉ ነበር ወላጆቻችን። እዚህ ግን ብረት የሚሆንልኝ ሰው አጣሁ። ገና ሰላም ስለው ሻንጣውን እየጎተተ ይሄዳል፣ ሌላ ወርቅ ይመጣል። ድሮ ይሄን ግድግዳ በብረቴ ስመታው፣ የቤቱ ባለቤት፣ አሮጊቷ፣ ከዚያ በኩል ትመታልኝ ነበር። ደህና ነኝ ማለቷ ነው። አሁን ብመታ ‘ምን ፈለግህ?’ የሚል ወጠምሻ ነው የሚመጣብኝ።»

«አሮጊቷ የት ሄዱ?»

«የት ትሄዳለች! በራሷ ግቢ፣ ዕቃ ቤቱ ውስጥ ናት። ልጇ ነች ያወረደቻት። እንዳትፈርጂባት ደግሞ፤ ሴትዮዋ አእምሮዋ ከዳት፣ ልጅቱ ሥራዋን ትታ ነው የምትጠብቃት። የጨነቀው እርጉዝ ያገባል። ቤቱን ማከራየት ነበረባት።» አባ ፉጨት ተነፈሱ። «ተከራይዋ ሞታ የተገኘች ዕለት ጠዋትማ ሰላምም አላገኘሁ። ከታች ባልየው ይጮኻል፣ ከላይ ጣሪያው ላይ ይራመዳሉ...»

ኢንስፔክተሯ ቀና አለች። «ማን ነው ጣሪያ ላይ የሚራመደው?»

«እኔ ምን አውቄ! ድመት ነው ብዬ ነበር። ድመት ግን ጫማ አያደርግም።»

«ባልየው ያን ጊዜ የት ነበር?»

«መንገድ ላይ አልኩሽ እኮ! በዚህ መስኮት እያየሁት። መሬት ላይ ተቀምጦ ራሱን ይዞ ‘ሰዎች! ሰዎች!’ ይላል።»

አንድ ሰው መንገድ ላይ ተቀምጦ እየጮኸ ጣሪያ ላይ አይራመድም። አባ ፉጨት ሳያውቁት ባልየውን ከገመድ አወረዱት። ኢንስፔክተሯ ግን ደስ አላላትም፤ ቀጥሎ ወዴት እንደምትሄድ ገብቷት ነበር።

*

ወደ ጣሪያ የሚያወጣው የብረት ደረጃ ከኋላ ግቢው ውስጥ ነው። ከተከራዮቹ ማድ ቤት ወደ ግቢው የሚያስወጣው በር በግቢው በኩል በመቀርቀሪያ ይዘጋል፤ እንግዳ እንዲያልፍበት አልተፈለገም። አከራይዋ በሌላው በኩል፣ በጓሮ በር ነበር ኢንስፔክተሯን ያስገባቻት። አርባዎቹን የጀመረች፣ እጆቿ በሳሙና የተላጡ፣ ስትናገር የሚታጠብ ነገር የምትፈልግ ይመስል ዓይኗ ወዲያ ወዲህ የሚል ሴት ናት።

«ያን ጠዋት የት ነበርሽ?»

«ዳቦ ቤት፣ ወረፋ ላይ። ነግሬያቸዋለሁ እኮ ለሳጅኑ። ጩኸት ሰምቼ ነው የመጣሁት።»

«እዚህ ግቢ ውስጥ ሌላ ማን ይገባል?»

«እኔ ብቻ።» እጇን በሽርጧ ጠረገች። «እኔና እናቴ።»

ኢንስፔክተሯ ደረጃውን ወጣች። የጭስ ማውጫው ቱቦ ጣሪያው ጫፍ ላይ፣ ወገቧ ድረስ ብቅ ብሏል። ውጩ የብዙ ዓመት ጥላሸት ለብሷል። አፉ ውስጥ ግን ዙሪያውን ጥላሸቱ ተፍቆ ብረቱ ይታያል፤ አንድ ነገር ተጠቅጥቆበት፣ ከዚያ ደግሞ በጥድፊያ ተጎትቶ ወጥቶበታል። ቁልቁል ስታይ አከራይዋ ግቢው መሃል ቆማለች። ቀና ብላ አላየቻትም። ልብስ ማስጫው ገመድ ላይ የተሰጣውን አንሶላ ደጋግማ ታስተካክላለች፤ አንሶላው ግን ቀድሞውንም ቀጥ ያለ ነበር።

ኢንስፔክተሯ ወርዳ ምንም ሳትናገር የዕቃ ቤቱን በር አንኳኳች።

«ተኝታለች!» አለች አከራይዋ።

«ግቡ!» የሚል ድምፅ ከውስጥ ተሰማ።

*

አሮጊቷ ከመስኮቱ ሥር ተቀምጠው ይሰፋሉ። ክፍሏ ጠባብ ብትሆንም የሰው ቤት ናት። የአልጋው እግር፣ ማንቆርቆሪያው፣ የመብራቱ ማጥፊያ፣ የጫማቸው ማሰሪያ ሳይቀር፣ ያላሰሩበት ነገር የለም። ነጭ፣ ሰማያዊ፣ ቢጫ እራፊ በየቦታው ተንጠልጥሏል።

«ግቢ፣ የኔ ልጅ። ቁጭ በይ። እሱ ላይ አይደለም፤ ቢጫ አለበት። እግሩ ተሰብሯል ማለት ነው።»

ኢንስፔክተሯ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች። «ሁሉም ትርጉም አለው፣ እማማ?»

«እንዴታ! ሰማያዊ ውኃ ነው፣ ቧንቧውን ዝጊ ማለት ነው። ነጭ መድኃኒት ነው። እረሳለሁ እኮ፣ ልጄ። መርሳቴን አልረሳሁም፤ ለእሱ ነው የማስረው። እኔ ብረሳ ጨርቁ አይረሳም።» ሳቁ። «ልጄ ትስቅብኛለች። ግን አንድ በአንድ ታውቀዋለች።»

«ቀይስ አለ?»

«ቀይ እሳት ነው። ወፎቹ ሲመጡ የጭስ ማውጫውን እወትፈዋለሁ፤ አለዚያ ጎጆ ይሠሩበታል። ከወተፍኩ በኋላ ምድጃው እጀታ ላይ ቀይ አስራለሁ፣ ማንም እንዳያነድ። እሷን እኮ ገና በዳዴ እያለች ነው ያስተማርኳት። ቀይ ካየች እጇን ስብስብ ታደርግ ነበር፤ ብታያት!»

ኢንስፔክተሯ ጥያቄውን ባትጠይቅ ምንኛ በወደደች። «ዘንድሮስ ወተፉት?»

«ወፎቹ መጡ አይደል? ቤቱ ባዶ ነበር፣ በቁልፌ ገባሁና ቀዩን አሰርኩ። ግን ምን ይሆናል፣ ነቅለው ወሰዱብኝ። ወጥቼ ባይ ቱቦው አፉን ከፍቷል። ወፍ እንዲህ ጉልበት አለው?» በእጃቸው የያዙትን አሳዩአት፤ ከአሮጌ ብርድ ልብስ የተቆረጠ፣ ገለባ የሚጠቀጠቅበት ክብ ከረጢት ነው። «ይሄው ሌላ እየሰፋሁ ነው።»

«ወፍ አይደለም፣ እማዬ» አለች አከራይዋ። በሩ ላይ ቆማ ሁሉንም ሰምታ ነበር። «እኔ ነኝ የነቀልኩት።»

«አንቺ ነሽ? በይ፣ ታዲያ ንገሪኝ እንጂ! ዓይኔን ሳጠፋ ዋልኩ» አሉ አሮጊቷ፣ ወደ ስፌታቸውም ተመለሱ።

*

ግቢው ውስጥ፣ በተሰጡት አንሶላዎች መካከል ቆመው ነው የተነጋገሩት።

«ከየት ልጀምርልዎ?» አለች አከራይዋ።

«ከእራፊው።»

«‘የእናትሽን ቁልፍ ቀሚያት’ ቢሉኝ እሺ አላልኩም። ቤቷ ነው። ተከራይ በሌለ ጊዜ ትገባለች፣ ታስራለች፣ ትወጣለች። ያቺ ሴትዮ ‘ያስጠላል’ ብላ ከጻፈች በኋላ ሰው ቀረብን። ከዚያ ወዲህ እንግዳ ሊገባ ሲል ቤቱን እዞርና በሽርጤ እለቅመዋለሁ። ከበሩ፣ ከመስኮቱ፣ ከቧንቧው። እናቴ ያለችበት እንዳይመስል። መጀመሪያ መጀመሪያ እያየሁ ነበር የምፈታው፤ ቧንቧው ሰማያዊ ካለበት ቧንቧውን እፈትሻለሁ። በኋላ ሰለቸኝ። አንዱን አሥሬ ታስረዋለች፤ አንዳንዱን ለምን እንዳሰረችው ራሷም አታውቀውም። እጄ ብቻ ነው የሚፈታው።»

«ቀዩን አላየሽውም?»

አከራይዋ አላየሁም ብትል ማንም አይመሰክርባትም ነበር።

«አይቼዋለሁ» አለች። «እጄ ላይ ነበር፣ እህቴ። ቀይ መሆኑን አይቼ ‘ኤዲያ፣ ደግሞ ይሄን!’ ብዬ ከሌሎቹ ጋር ጨመርኩት። ከዚያ ከሰሉን በቅርጫት አድርጌ ምድጃው አጠገብ አስቀመጥኩ። ልክ እንደ ፎቶው።»

«ጠዋትስ?»

«ዳቦ ቤት አልነበርኩም። ሰውዬው ሲጮህ ከእማዬ ጋር ነበርኩ። ወዲያው ገባኝ። ወደ እሷ መሮጥ ነበረብኝ፣ ምናልባት ነፍሷ ካለ... ወደ ጣሪያው ሮጥኩ።» እጇን ዘርግታ ከአንሶላው ጎን የተሰጣ ክብ ከረጢት አሳየች። «ይሄው። መጣል አቃተኝ። አጠብኩት።»

«ሐኪሙ ከሞተች ቆይታ ነበር ብሏል» አለች ኢንስፔክተሯ፤ ለምን እንዳለችው አታውቅም። ከዚያ ሥራዋ ትዝ አላት። «ባልየው ታስሯል።»

«አውቃለሁ።»

«ነገ ነፍሰ ገዳይ ተብሎ ይቀርብ ነበር።»

«አውቃለሁ አልኩ እኮ!» አከራይዋ ፊቷን በሽርጧ ሸፈነች። «ንጹሕ ነው፣ ይለቁታል አልኩ። ባይለቁትስ ብዬ ደግሞ አሰብኩ። እኔ ብታሰር እማዬን ማን ያጎርሳታል? እሷ ናት የወተፈችው ብል ደግሞ ይወስዱብኛል። እሱንና እሷን ስመዝን ሰነበትኩ። አንድ ጊዜ እንኳ ወደ እሱ አላጋደለም።»

ኢንስፔክተሯ ክፉ ሰው ብታገኝ ምንኛ ደስ ባላት! ክፉ ሰው ሲያዝ እንቅልፍ ይወስዳታል። እዚህ ግን ያላት አንዲት ሬሳ፣ አንድ የተሰበረ ባል፣ የረሱ እናትና የሰለቻት ልጅ ናቸው። ሕጉ ከእነዚህ መካከል አንዷን ይዘሽ ነይ ይላታል።

ስልኳን አውጥታ ለሳጅኑ ደወለችና ሁሉንም ነገረችው። «ልቀቀው» አለችው።

ከጥቂት ጊዜ በኋላ መልሶ ደወለ። ጥድፊያው ከድምፁ ጠፍቷል። «ነጻ ነህ አልኩት። አልተነሳም። ‘ታዲያ ማን ነው የገደላት?’ አለኝ። ምን ልበለው?»

«ምንም አትበለው። መጥቼ እኔው እነግረዋለሁ።»

*

አከራይዋ እናቷን ለመመገብ ጊዜ ለመነች፤ ኢንስፔክተሯም ፈቀደችላት። በተከፈተው በር አያቻቸው። ልጅቱ በማንኪያ ትሰጣለች፣ አገጫቸውን ትጠርጋለች፣ ሻሻቸውን ፈትታ እንደገና ታስራለች። አሮጊቷ «በቃኝ፣ አንቺም ብዪ» ይላሉ። አባ ፉጨት ብረታቸውን እየጎተቱ በጓሮ በር ገቡ፤ የግቢው አጥር ቀጭን ነው፣ የሆነውን ሰምተዋል።

«ለዛሬ እኔ አብሬያት እቀመጣለሁ» አሉ ማንንም ሳያዩ። «ከዛሬ ወዲያ እንጃ። እኔም ሰው የሚያነሳኝ ነኝ።»

ከነገ ጀምሮ አሮጊቷን የሚወስድ መጠለያ መፈለግ የኢንስፔክተሯ ሥራ ይሆናል። አልጋው የማንም የሆነ፣ ግድግዳው ነጭ፣ ሁሉ ነገሩ የታጠበ ክፍል ያገኙላቸዋል። ይህን ለአባ ፉጨት አልነገረቻቸውም።

አከራይዋ ሽርጧን ፈትታ ወንበሩ ላይ ሰቀለች። «እማዬ፣ ቆየት ብዬ እመጣለሁ» አለች።

አሮጊቷ ተነሥተው እስከ ጓሮው በር ሸኟቸው። እዚያ ሲደርሱ የኢንስፔክተሯን እጅጌ ያዙ። «የት ነው የምትወስጃት፣ ልጄ?»

«ለሥራ ነው፣ እማማ።»

«ደግ አደረግሽ። አደራሽን። እሷ እንደሆነች አታስቸግርሽም። የምረሳው እኔ ነኝ እንጂ፣ እሷ እናቷ ያስተማረቻትን አንድም ነገር ረስታ አታውቅም።»

አከራይዋ ተንገዳገደች። ኢንስፔክተሯ መሬት ሳትነካ በብብቷ ይዛ አቆመቻት።

«ምን ሆነች?» አሉ አሮጊቷ ደንግጠው።

«ምንም፣ እማማ። አደናቀፋት።»

ሁለቱ ሴቶች ተደጋግፈው ወደ መኪናው ሄዱ። አሮጊቷ ልጃቸው ስትመለስ እንደገና እንዳያደናቅፋት ብለው፣ ጎንበስ ብለው በራፉ ላይ ድንጋዩን ይፈልጉ ጀመር።